ከምጣዱ ሥር የሚነሳው ጭስ

በኢትዮጵያ ገጠር የማድ ቤት ጭስ የሚነሳው ከሦስት ጉልቻ መሃል ነው። እሳቱ በየአቅጣጫው ክፍት ስለሆነ ሙቀቱ ይባክናል፣ ጭሱም ቤቱን ይሞላል። እንጨት በሚገባ ቢነድ የሚተርፈው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተንና አመድ ብቻ በሆነ ነበር። በጉልቻ ላይ ግን አየርና ማገዶ እንደሚገባ ስለማይዋሃዱ፣ እሳቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚበርድ፣ ማገዶው ነዶ ሳያልቅ ይጨሳል። ዓይን የሚያቃጥለው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው፣ ከጣሪያው ሥር ጥቀርሻ ሆኖ የሚንጠለጠለው ይህ በቅጡ ያልነደደ ማገዶ ነው።

የጭሱን መጠን ከሁሉ በፊት የሚወስነው የማገዶው ዓይነት ነው። እርጥብ እንጨት ከደረቅ ይልቅ ይጨሳል። ደን በተመናመነባቸው ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ወደ እሳት የሚገባው ኩበት፣ አገዳ፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ እነዚህም ከደረቅ ግንድ የበለጠ ጭስ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቤተሰቦች በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ጠጣር ማገዶዎች እንደሚያበስሉ አሳይቷል።

እንጀራ መጋገር ከሌላው የማድ ቤት ሥራ ሁሉ የበለጠ ያጨሳል። ሰፊው የሸክላ ምጣድ እኩል እንዲግል ነበልባሉ ከሥሩ እስከ ዳር መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ቅጠልና ጭራሮ ያለማቋረጥ ይማገድበታል። ጋጋሪዋ ሊጡን ስታሰፋ፣ አክንባሎውን ስትከድንና ስትከፍት ከምጣዱ መራቅ አትችልም። እሳቱ ሲደክም ደግሞ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። እፍ ለማለት አስቀድሞ በጥልቀት መተንፈስ ያስፈልጋል፤ ያ ትንፋሽ የሚሳበው ጭሱ እጅግ ከሚበዛበት ቦታ ነው።

ጭሱ የጋዞችና የደቃቅ ብናኞች ድብልቅ ነው። ከጋዞቹ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ ከደም ቀይ ንጥረ ነገር ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የከሰል እሳት ሳይጨስ እንኳ ሰው የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሳንባ ዋነኛው ጠንቅ ግን ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆኑት ብናኞች ናቸው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት የእነዚህን 30 እጥፍ ያህላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የእነዚህ ብናኞች የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በጉልቻ በሚበሰልባቸው የገጠር ማድ ቤቶች የቀኑ አማካይ በመቶዎች ይቆጠራል፤ እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ደግሞ ሺህን ያልፋል።

የሰው አካል የራሱ መከላከያ አለው። አፍንጫ ትልልቁን ብናኝ ያስቀራል። በአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን ጸጉሮች አክታን ከነቆሻሻው ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ከሳንባው ጥግ ባሉት የአየር ከረጢቶች ውስጥ ደግሞ ጠራጊ ሕዋሳት ተሕዋስያንንና ባዕድ ነገርን ይውጣሉ። ደቃቁ ብናኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አጥሮች አልፎ ከረጢቶቹ ድረስ ይዘልቃል። በየቀኑ ሲደጋገም ጸጉሮቹ ይዳከማሉ፣ የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፣ አክታ ይበዛል፣ ጠራጊዎቹ ሕዋሳትም በጥላሸት ተጭነው ተሕዋስያንን የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል። ለረጅም ዓመታት በማገዶ ጭስ የኖሩ ሰዎች ሳንባ ሲመረመር የአየር ቧንቧው በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ፣ አልፎ አልፎም ጠብቦ ይገኛል።

በዚህ ጉዳት ቀድሞ የሚጠቃው ሕፃን ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወይም ከምድጃው አጠገብ ተኝቶ ከእርሷ ጋር እኩል ሰዓት በጭስ ውስጥ ያሳልፋል። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ ጨቅላ ሕፃን ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ይዘጋዋል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምችና በመሰል ኢንፌክሽኖች የመያዝ ዕድላቸውን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። በዚሁ ግምት መሠረት ጭሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ከእነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

የእናቶች ሕመም በዝግታ ይመጣል። መጀመሪያ የጠዋት ሳልና አክታ ነው፤ እርሱም እንደ ጉንፋን ይታለፋል። ከዓመታት በኋላ ውሃ ቀድቶ ዳገት መውጣት ያደክማል፣ ሌሊት ደረት ያፍናል፣ ትንፋሽ ሲር ይላል። ሥር የሰደደ ብሮንካይትስና የአየር ቧንቧ መጥበብ በሌላው ዓለም በአብዛኛው ከሲጋራ ጋር የተያያዙ በሽታዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ የሳንባቸው ጠላት ያለው ምድጃው ዘንድ ነው። የጠበበው ቧንቧ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ስለማይመለስ ሕክምናው የሚያስታግስ እንጂ የሚያድን አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም የእንጨት ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ብሎ ከመደባቸው ነገሮች መካከል አስቀምጦታል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ጭሱ የሚቀጥለው ሰዎች ስለማይጠሉት አይደለም። ኩበትና ጭራሮ በገንዘብ አይገዙም፤ ዋጋቸው የሚከፈለው በሴቶችና በልጃገረዶች ጉልበት ነው። በሣር ክዳን ጎጆ ደግሞ ጭስ የራሱ ሥራ አለው፤ ክዳኑን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር እህል ያደርቃል፣ ትንኝ ያባርራል። በብርዳም ደጋ መስኮት መክፈት ሙቀትን ማባረር ነው። ለመፍትሔ የሚመጣ ምድጃ እነዚህን ጥቅሞች ካላሰበባቸው ጥግ ይቀመጣል።

በኢትዮጵያ የተሻሻለ ምድጃ ታሪክ ረጅም ነው። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራውና ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው «ምርጥ» ምድጃ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራጭ ቆይቷል፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ለደንና ለሸክም ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። ለሳንባ ግን ምን ያህል ይበቃል የሚለው ጥያቄ በሙከራ መፈተን ነበረበት።

በጓቲማላ ደጋማ መንደሮች በ534 ቤተሰቦች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሙከራ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሕፃናት የሚተነፍሱትን ጭስ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች በጠቅላላው ሲታይ አስተማማኝ በሆነ መጠን አልቀነሰም፤ ኦክስጅን የሚያሳጥረው ከባዱ የሳንባ ምች ግን በሲሶ ገደማ ቀነሰ። በማላዊ በ150 መንደሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሙከራ ማራገቢያ ያለው የማገዶ ምድጃ አድሎ በሕፃናት የሳንባ ምች ላይ ለውጥ አላገኘም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ላይ የተደረገው ሙከራም ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈው ሌላ ሙከራ ወደ ጋዝ ምድጃ ተሸጋግሮ ጭሱን እጅግ ቢቀንስም፣ በሕፃናቱ የመጀመሪያ ዓመት ከባድ የሳንባ ምችን በጉልህ አላሳነሰም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው አባባል የእነዚህን ሙከራዎች ትምህርት ይይዛል። የጭስ ጉዳት በተቀነሰው ልክ አይቀንስም፤ ከሚመከረው መጠን በ20 እጥፍ የሚበልጥ ጭስ ወደ 10 እጥፍ ቢወርድ ሳንባው አሁንም በጭስ ውስጥ ነው። አዲሱ ምድጃ ለእንጀራ ሆኖ ወጡና ቡናው በጉልቻ ከቀሩ፣ ወይም የጎረቤት ጭስ በመስኮት ከገባ፣ የተገኘው ንጽሕና ይባክናል። የሳንባ ምችም ብዙ ምክንያት ያለው በሽታ ነው፤ ክትባት፣ የእናት ጡት፣ በቂ ምግብና ፈጣን ሕክምና ከንጹሕ ምድጃ ጋር አብረው መሄድ አለባቸው። በእናቶች ላይ ለዓመታት የሚጠራቀመው ጉዳት ደግሞ በአንድና በሁለት ዓመት ሙከራ አይለካም።

ወደ ንጹሕ አየር የሚያደርሰው መንገድ ጭስ የሌለው ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተሞች ይህን አሳይቷል፤ ነገር ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ አምፖል ብቻ የሚያበራ መስመር ወይም ትንሽ የፀሐይ ኃይል አይችለውም። ስለዚህ ለገጠር መብራት ሲታቀድ ምጣድም አብሮ መታቀድ አለበት። ከብት ላለውና ውሃ ለማያጣው ቤተሰብ ባዮጋዝ ወጥና ቡናውን ከጭስ ያወጣል።

እስከዚያው በየቤቱ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ማድ ቤትን ከመኝታ መለየት፣ ጭሱ መውጫ እንዲያገኝ ከጣሪያው ሥር ክፍት መተው፣ እንጨትን ፈልጦ በሚገባ ማድረቅ፣ በሚጋገርበት ሰዓት ሕፃኑን ሌላ ሰው ከጭሱ ርቆ እንዲይዘው ማድረግ ጉዳቱን ያቃልላሉ። ሳል የያዘው ሕፃን ዕድሜው ከ2 እስከ 11 ወር ሆኖ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሆኖ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ለሕክምናውም አንድ ለውጥ ያስፈልጋል። የምታስል የገጠር እናት ጤና ጣቢያ ስትደርስ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው «በምን ይጋግራሉ? ስንት ዓመት ሆነዎት?» የሚለው ነው።