ሜዳሊያውን እንደ ጽዋ

ሰሞኑን ፌስቡክ በጋዋን ተሞልቷል። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከባኮ፣ ከጀልዱ የመጡ፣ ትናንት ደብተር ያረምኩላቸው ልጆች ጥቁር ለብሰው፣ አበባ ታቅፈው ሲስቁ አያለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ! ለእያንዳንዳችሁ ኮሜንት መጻፍ ስላልቻልኩ እዚሁ አንድ ላይ ልበል ብዬ ነው። በዚያውም ውስጤ ሲብላላ የሰነበተ ነገር አለ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲያስመርቁ ክብር የሚሰጡት በደረጃ ነው። በማዕረግ፣ በከፍተኛ ማዕረግ፣ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይባላል። ከዚያ ከሴቶች አንደኛ የወጣችውና ከሁሉም አንደኛ የወጣው ይጠራሉ። ሜዳሊያ ይጠለቃል፣ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። (እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩ ሰው ነኝ፤ ከማዕረግ ጋር በሩቁ ነው የምንተዋወቀው።) ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላለፉም። ስለዚህ ዛሬ ጋዋን ለብሶ የምታዩት ልጅ በቀላሉ አልደረሰባትም።

ዘንድሮ ስማቸው ከተጠራው አንዷ የእኛ ልጅ ናት። ከጌዶ በላይ ካለ የገጠር ቀበሌ የወጣች፣ ሩቅ አገር ተመድባ ኬሚስትሪ የተማረች። ሥነ ሥርዓቱን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በስልኬ ላይቭ አየሁት። ስሟ ሲጠራ የአባቷም ስም አብሮ በድምፅ ማጉያው ወጣ። የስማችን አጠራር እንዲህ መሆኑ አንዳንዴ ደስ ይላል፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ገበሬ ስሙ በፕሮፌሰሮች ፊት ተነበበ። በየሳምንቱ ቅቤ ተሸክማ ገበያ ስትወርድ የኖረችው እናቷ ስም ግን አልተጠራም። በዚያ ወረቀት ላይ ለእሷ የተተወ መስመር የለም።

ቤተሰቡ ድግስ ደግሶ ጠራን። ሐምሌ ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ የጌዶ ብርድ እንደምታውቁት ነው። ዳቦው ተቆረሰ፣ አምቦ ውሃው ተከፈተ፣ ሜዳሊያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናትየዋ ጋ ደረሰ። መዘነችው። አገላበጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

«መምህር፣ ይሄ ወርቅ ነው?»

«ቀለሙ ነው እናቴ፣ ወርቅስ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እናትየዋ ግን የምሯን ነበር የጠየቀችው፤ እኔም እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ድሮ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። አንደኛ የወጣ ልጅ እዚያው ጂኤ ሆኖ ይቀራል፣ ያስተምራል፣ ለማስተርስ ይላካል። ሜዳሊያው የሥራ ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን እንደ ድሮው አይደለም። ልጅቷ ዶክመንቷን በላስቲክ ጠቅልላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ታነባለች። ይህን ስል ሥርዓቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው በሰው ፊት መመስገን አለበት። ያልገባኝ ከማግስቱ ጀምሮ ያለው ነው። የዘንድሮው ተሸላሚ የአምናውን አያውቀውም፣ የአምናው የካቻምናውን። ሜዳሊያው ከቡፌው ላይ ይቀመጣል፣ አቧራ ይጠጣል።

አሜሪካኖቹ ለዚህ የክብር ማኅበር የሚባል ነገር አላቸው። ዋናው ፋይ ቤታ ካፓ ይባላል፤ በ1776 በፈረንጆቹ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያም ኤንድ ሜሪ በሚባል ኮሌጅ ተማሪዎች የመሠረቱት ነው። ምልክቱ ትንሽ ቁልፍ ናት። ጎበዝ ተማሪ ሲመረጥ ወደ ማኅበሩ ይገባል እንጂ ተሸልሞ ብቻ ወደ ቤቱ አይሄድም። ነባሮቹ አዲሶቹን ይቀበላሉ፣ አባልነቱም ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሳነብ አልደነቀኝም። እኛ ማኅበር ጠፍቶን ነው እንዴ? ጽዋ የሚጠጣ ሰው ያውቃል፤ ጽዋውን የተረከበ በሚቀጥለው ተራው ነው፣ ደግሶ ይጠብቃል። መረከቡ ክብር ነው፣ ዕዳም ነው። (ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ፣ እናንተ በዕቁብ ተኩልኝ፤ ዕጣው ስለወጣላችሁ መክፈል አታቆሙም።) ሜዳሊያችን የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። የተረከበው ሰው ለሚቀጥለው ምን ይደግሳል?

ለሚቀጥለው ስል የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ብቻ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሰው መታየት ያለበት ቀደም ብሎ ነው። ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ልጅ ሳለ አምቦ ትምህርት ቤት ሆኖ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስ የጻፈው ቲያትር አጼ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቷል። በ1966 በፈረንጆቹ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። ትልቁን ሽልማት ሁሉም ያወራል። እኔን የሚገርመኝ የመጀመሪያው ነው፤ አንድ የክፍለ ሀገር ተማሪ የጻፈውን ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ማየቱ።

አሁን የእኛን ልጆች ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከመላ አገሪቱ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ያላሳለፉባቸው ዓመታት ናቸው። ክፍል ገብቼ ስልሳ ልጅ ፊት ስቆም ይህን ቁጥር እነሱም ያውቁታል። «ቲቸር፣ ከመቶ ሦስት ሰው ነው የሚያልፈው፤ እኔ ምን ልሁን ብዬ ላጥና?» ያለኝ ልጅ አለ። በምክር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ልጅቷን ለመንኳት። ሥራ እስክታገኝ ለክረምት ማጠናከሪያ ነይ፣ ሜዳሊያውንም ይዘሽ ነይ አልኳት። መጣች። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና «ንኩት» አለቻቸው። አንዱ ነከሰው፤ ወርቅ እንደዚያ ነው የሚፈተነው ብሎ። ከዚያ ስለ ኬሚስትሪ ይጠይቋታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«ስንቅ ሲያልቅብሽ ምን ትበዪ ነበር?»

የማታውቁ ካላችሁ፣ ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት የሚከራዩ ልጆች እሑድ ከቤት የያዙት እስከ ዓርብ ካልደረሰ ጉድ ነው። ጥያቄው ስለ ረቡዕና ሐሙስ ነው።

«ቆሎ» አለቻት። «ቆሎው ካለቀ ጎረቤት ያለችውን ልጅ እጠይቃለሁ። እሷም ካለቀባት ሁለታችንም ውሃ ጠጥተን እናጠናለን። ረቡዕ ማታ ሂሳብ አታጥኚ፣ አይገባሽም። ባዮሎጂ አንብቢ።»

ክፍሉ በሙሉ ጻፈው። እውነቴን ነው፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉት! እኔ በአንድ ዓመት ከሰጠሁት ምክር ይህ በለጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ሁለተኛ ወንበር ላይ ነች። ውጤቷን ገና አላውቅም፣ ፈተናው ለከርሞ ነው። ወንበሯን ግን አይቻለሁ።

ለእናትየዋም ነገርኳት፣ ሜዳሊያው ምን እንደሠራ። «ታዲያ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?» አለችኝ። ልጅሽ ጋ ነው አልኳት። «ለሚቀጥለው አታቀብለውም?»

እንግዲህ የእናንተን ልጠይቅ። በማዕረግም ይሁን ያለ ማዕረግ የተመረቃችሁ፣ በተለይ ስንቅ ተሸክማችሁ የተማራችሁ፣ ጳጉሜን ላይ አምቦ የምትሆኑ አላችሁ? ጳጉሜን 2 እና 3 ጠዋት ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር አንድ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ንግግር አታዘጋጁ፣ እነሱ ይጠይቋችኋል። ስንት እንዳመጣችሁ ሳይሆን እንዴት እንደኖራችሁ ነው የሚፈልጉት። ሜዳሊያ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሚነክስ ልጅ ስላለ ግን ተጠንቀቁ። በመጨረሻም የሚመጣው ዓመት ተረኛ ማን እንደሆነ እዚያው እንወስናለን። የምትመጡ ኮሜንት ላይ ስማችሁን ከነእናታችሁ ስም ጻፉልኝ፤ ስጠራችሁ በእሱ ነው የምጠራችሁ። ቆሎውን እኔ አስቆላለሁ።