አንቺ ታውቂያለሽ

እቴቴ የምላት አክስቴ ያን ቀን ቡና አፍልታ አስጠራችኝ። ቶናው ሲቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ የሂሳብ ሰው ነህ፤ ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ? ያልከኝን እሰማለሁ» አለችኝ። ያላት 310 ሺህ ብር ነው። ቤሩት 9 ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ያጠራቀመችው። እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ «ይቅርብሽ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያልኳት ግን «አንቺ ታውቂያለሽ» ነው።

ሰውየው ሰፈራችን የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። ወሬ አያበዛም፤ አለኝ አይልም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ የእድሩ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ ይታያል። አባቴ ሲቀበርም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከዱባይ ዕቃ እንደሚያስመጣ የሰማነው ቆይተን ነው። ገንዘቡን ለሰጠው በወር 5 በመቶ እንደሚከፍል እንኳን ከእሱ አፍ አልወጣም፤ ያወሩት የተከፈላቸው ሴቶች ናቸው። እኔም ልስጥህ ሲሉት «አሁን ሞልቷል፤ ቦታ ሲገኝ እነግርሻለሁ» ይላል። እንዲህ እያለ ሰፈሩ ገንዘቡን እንዲቀበለው ይለምነው ጀመር።

ሁለት ጎረቤቶቻችን ዕቃ የተገዛበት ነው ብሎ የሰጣቸውን የባንክ ደረሰኝ ቅጂ አንድ ቀን አሳዩኝ። አንዱ የኅዳር፣ ሌላው የጥር ነው። የብሩ መጠን ይለያያል፤ የግብይት ቁጥሩ ግን እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው። ቀና ስል ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አልደነገጠም። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ «ሥራው እየሰፋ ነው። እንዳንተ ዓይኑ ምንም የማያልፈው ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። የጠራልኝ ደመወዝ ከማገኘው እጥፍ ነበር። አስብበታለሁ ብዬው ሄድኩ። ጉቦ እንኳን አላወጣብኝም፤ አፌን የዘጋው በተስፋ ብቻ ነው። ለራሴ ግን ሌላ ምክንያት ሰጠሁት፤ አባቴን የተሸከመን ሰው እንዴት ሌባ እላለሁ? ምቀኛ ይሉኝ የለም? ስግብግብነቴን ይሉኝታ አለበስኩት።

ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ሲነሳኝ የበርናርድ ማዶፍን ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ማዶፍ በአንድ ወቅት የናስዳክ አክሲዮን ገበያ ሊቀመንበር የነበረ፣ ኒው ዮርክ ያከበረችው ሰው ነው። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የቦስተን የፋይናንስ ባለሙያ ማዶፍ ለደንበኞቹ አስገኛለሁ የሚለው ትርፍ ሐሰት መሆኑን ከቁጥሮቹ ብቻ ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ለአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ አመለከተ። በ2005 የላከው ጽሑፍ 30 ያህል የማጭበርበር ምልክቶችን ይዘረዝራል። በ2006 ሜይ 19 መርማሪዎች ማዶፍን አስቀምጠው ጠየቁት። እሱም የገዛቸው አክሲዮኖች ይገኙበታል የተባለውን የማዕከላዊ ማስቀመጫውን የሂሳብ ቁጥር ሰጣቸው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ወደ ማስቀመጫው ይደውላሉ፣ አበቃልኝ ብሎ እንደነበር በኋላ ታስሮ ሳለ ራሱ ተናግሯል። ሰኞ መጣ፤ የደወለ የለም።

የተያዘው በ2008 ዲሴምበር 11 ነው። በወረቀት ላይ ለደንበኞቹ የሚያሳየው ሂሳብ ያኔ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። 150 ዓመት ተፈርዶበት በ2021 እስር ቤት ሞተ። ሰው ይህን ሲያነብ የሚገርመው የማዶፍ ብልጠት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ዓርብ እስከሚያዝበት ቀን ያለው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ጥሪቱን ይዞ በዚያ መሀል የገባው ሰው ሁሉ የጠፋው ባልተደወለ አንድ ስልክ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር በ2009 ያወጣውን 457 ገጽ ሪፖርት ሳገላብጥ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ፤ ማዶፍ ሊመረምሩት ለመጡት ሰዎች ያንኑ መሥሪያ ቤታቸውን እንዲመሩ ከታጩት አንዱ መሆኑን ጣል አድርጎላቸው ነበር። ሳቅሁ። ያ ደመወዝ ትዝ አለኝ።

እኔም በእጄ ቁጥር ነበረኝ። በዚያው ባንክ የሚሠራ አብሮ አደጌም ነበረኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እቴቴ ገንዘቡን የሰጠችው ቡና በጠጣን በማግስቱ ነው። ለአራት ወር 15,500 ብር በፖስታ አድርጎ አመጣላት። በመጀመሪያው ፖስታ ለእኔ ሸሚዝ ገዛችልኝ፤ እስካሁን አልለበስኩትም። በአምስተኛው ወር ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፤ የተከራየው ቤት ባዶ ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እያሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሱን ማለታቸው ነው። እቴቴ ግን እሱን አምና አልነበረም የሰጠችው፤ እኔን ጠይቃ ነው።

አሁን በእርጅናዋ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ እንጀራ ትሸጣለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የሰውየው ነገር ተነሣ፤ አንገቴን ስደፋ ጊዜ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«ተው አትብሰልሰል፤ አንተስ ምን ታደርግ? ብታውቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።