ዝቅተኛው ሰማይ መሐል ሜዳ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምቱ እንደወጣ የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ አያቱን ልንጠይቅ መሐል ሜዳ ሄድን። ከደብረ ብርሃን በኋላ የጣርማ በርን ዋሻ ሳይገቡ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ገብስ፣ በግና ብርድ ነው። ልጁ በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን ይዞ ነበር። አዲስ አበባ ማብረሪያ ሜዳ አጥተንለት ለዚህ ቀን ያቆየነው ነው።

መጀመሪያ አልነሳ አለ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ክንፍ ደግሞ የሚደገፈው በአየር ነው። ሮጦ በኃይል ሲወረውረው ግን ተነሳ።

አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው ሲያዩ ቆዩና፣ "ትልቁ ሲመጣስ?" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ምጽዋ ላይ በጣም ሩቅ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ግን ከጣሪያችን 1,000 ሜትር እንኳ አይርቅም። ሄሊኮፕተርማ ከዚያም ዝቅ ይላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ የክልሉን ምሥራቅ በወረረ ጊዜ ፀረ አንበጣ የሚረጩት አውሮፕላኖች ሰብሉን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ፓይለት በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የልጄን ፎም ሲያየው አልፎታል፣ ወይም መትቶታል።

ትንሽ ነገር ምን ያደርጋል የሚል ካለ ባሕር ዳርን ያስታውስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገቡበት። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ርግብ ሥጋና ላባ ናት፤ አሻንጉሊቱ ባትሪና ብረት አለው።

ብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን መጫወቻ ከመሬት 120 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። እኛም ዘንድ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። የፎሙን ነገር ግን ማንም አልጠየቀንም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ያ ጥፋቴ ነው። (ዛሬ ቢሆን ጨርሶ አልሞክረውም። በዚህ አገር ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች።)

አባቴ ግን ሕጉ ከየት እንደሚጀምር ያውቁታል። "ጓሳም እኮ የሁላችን ነው" አሉ። የጓሳን ሣር አባቶች ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ነበር ለአጨዳ የሚከፍቱት። "የሁሉም ስለሆነ ነው ተራ ያለው።"

በማግስቱ ሥራ ተከፋፈልን፤ ልጁ ያበራል፣ እኔ ሰማዩን አያለሁ። አባባ ምንም አልተሰጣቸውም፤ በጉን እያሰሩ ነበር። ድንገት ቀና አሉ።

"ልጄ፣ አውርደው።"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ልጁ አወረደው። ሄሊኮፕተሩ ከተራራው ጀርባ ብቅ ያለው ፎሙ ሣሩ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።