ከቱሉ ጉዶ መልስ

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ጽዮን ሐሙስ ላይ ዋለች። አክስቴ ታማ በነበረ ጊዜ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላለችው ለቱሉ ጉዶ ጽዮን የተሳለችውን ጃንጥላ ልታገባ ነበርና፣ እኔን አስከትላ ረቡዕ ከአሰላ ወረድን። በኦጎልቾና በአቡራ አድርጎ ወደ ዝዋይ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። አሰላ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው የከታርን ወንዝ ሲሻገር ሹራቡን ያወልቃል፤ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,600 ግድም መውረድ ነው።

ነፋሱም የሚወለደው ከዚሁ ልዩነት ነው። ቀን ፀሐይዋ የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ስታግለው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይሮጣል፤ የጭላሎ ተራራ ተዳፋትም የራሱ ነፋስ አለው። ሌሊት መሬቱ ሲበርድ ነገሩ ሁሉ ይረጋል። የሐይቁ ሰዎች ጉዟቸውን በማለዳ የሚጨርሱት ለዚህ ነው። በበጋ ከቀትር በኋላ ያለው ውሃ የማንም አይደለም።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ከባቱ፣ ከዝዋይ ከተማ፣ ተሳፈርን። ውሃው ዘይት መስሎ ተኝቷል። ቆሮሶ የሚያጠምዱ ሰዎች በደንገል ታንኳቸው ላይ ቁጭ ብለው መረብ ይስባሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንሄድ ጀልባዋ አንዴም አልተናጠችም፤ ላይፍ ጃኬቶቹን ሰው ሁሉ ለመቀመጫ አደረጋቸው፤ እኔም እንደዚያው። በስተምሥራቅ የእኛ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። አክስቴ «ቤታችን እኮ እዚያ ነው» እያለች ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ታሳያለች።

ቱሉ ጉዶ ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ተጠለሉ የሚል ትውፊት አለ፤ ደብረ ጽዮን የሚባለውም በዚሁ ነው። የደሴቱ ሰዎች ዛዮች፣ ከእኛ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ያወራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ለሐረሪና ለስልጤ የሚቀርበውን ቋንቋቸውን ይነጋገራሉ። ስለ ክብረ በዓሉ ብዙ አልጽፍም። ታቦቷ ወጣች፣ ገባች፣ ጃንጥላው ተሰጠ፣ አክስቴ አለቀሰች።

ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጀልባችን ስንወርድ ነጂው አልተነሣም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል።

«ልጄ፣ እንሂድ እንጂ» አለችው አክስቴ።

«እማማ፣ ውሃው ተነሥቷል። ነገ ሲነጋ አደርሳችኋለሁ።»

መሳፈሪያውን ኮረብታው ስለሚከልለው እኛ ከቆምንበት ምንም አይታይም ነበር፤ ትንሽ ትንሽ ሞገድ ብቻ። ይህን ያዩ ሁሉ ተናገሩት። አንድ የመቂ ነጋዴ ዕቃ የሚረከብበት ቀን ነገ መሆኑን እየማለ ይነግረዋል። አንዲት ሴት ልጇን ጎረቤት ትታ መጥታለች። እኔ ዓርብ ጠዋት የማስተምረው ክፍል አለብኝ። አንዱ ደግሞ «ባቱ ሩቅ ከሆነ በአርሲ በኩል ያለው ዳር ቅርብ አይደል? እዚያ አውርደንና በእግራችን እንሂድ» አለ። ነጂው ራሱን ነቀነቀ፤ ያ ዳር ሸምበቆ ነው፣ ውሃውም ጥልቀት የለውም፣ ማዕበሉ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው አለ። እንዲያም ሆኖ አይረታም ነበር። የረታው የባለ ጀልባው ስልክ ነው። ባለቤቱ ከባቱ ደውሎ ለነገ ጠዋት ሌላ ጉዞ ተቀብያለሁ አለው። ነጂው ስልኩን ኪሱ ከተተና «ተሳፈሩ» አለ። ከዚያ በኋላ ላይፍ ጃኬቶቹን ከመቀመጫ ላይ አንሥቶ ራሱ ለሴቶቹና ለልጆቹ አለበሳቸው፤ ለሁሉም አይበቃም ነበር።

ኮረብታውን እንዳለፍን ነፋሱ መታን።

ባሕር ላይ ያለ ማዕበል ረጅምና ከበብ ያለ ነው ይባላል። የዝዋይ ግን ሌላ ነው። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ሳለ ከወለሉ እስከ ላይ ቢበዛ 9 ሜትር ግድም ነው፤ በአብዛኛው ከዚያ እጅግ ያንሳል። ነፋሱ የሚገፋው ውሃ ወደ ታች የሚሰፋበት ስለሌለው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ይሆናል፤ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሁለተኛው ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይወድቃል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ከሥር ጭቃውን ይዞ ይነሣል። በአንድ በኩል ያሉት ሰዎች ሲረጠቡ ወደ ሌላው ጎን ተንጋጉ፤ ጀልባዋም ከነሱ ጋር ዘመመች። ነጂው እስካሁን በጆሮዬ ባለ ድምፅ «ቁጭ በሉ! የሚገለብጣት ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። አክስቴ ከወለሉ ላይ ተቀምጣ «እመቤቴ ጽዮን» ትላለች፤ ነጋዴው በገዛ ባርኔጣው ውሃ ይቀዳል።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

የነዳጁ ቱቦ ቆሻሻ ስቦ ነበር። በረጋ ውሃ ከጄሪካኑ ሥር ተኝቶ የሚኖር ዝቃጭ፣ ጀልባዋ ስትናጥ ይነሣና ቱቦው ውስጥ ይገባል። ሞተር የሌላት ጀልባ ደግሞ በራሷ ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ረዳቱ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ሳይነግሩት መቅዘፊያውን ይዞ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለመመለስ ይታገላል፤ ነጂው ቱቦውን ነቅሎ በአፉ መጠጠ፣ ተፋ፣ እንደገና መጠጠ። ሞተሩ ሲነሣ ማንም አልጨበጨበም። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀውም አልነበረም። ማዕበሉ እስኪያርፍ ጠበቀና በአንዲት ቅጽበት ጀልባዋን አዙሮ ወደ ደሴቱ መለሰን።

ያን ሌሊት የደሴቱ ሰዎች እየተከፋፈሉ አሳደሩን። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮ ቀረበ፤ ዓሣም ቀረበ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እዚያው ተነሣ፤ አክስቴ «ዛሬስ ዓሣው ሊበላኝ ነበር» ብላ ሽሮዋን በላች።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቫይኪንግ ስካይ የምትባል የሽርሽር መርከብ በኖርዌይ ዳርቻ ስትንገላታ በቴሌቪዥን ሳይ ይህ ጉዞ ትዝ አለኝ። 1,373 ሰው የጫነች፣ የራሷ ምግብ ቤትና ቲያትር ያላት መርከብ ናት። ማዕበሉ አልሰበራትም። የሞተሮቹ ቅባት በታንኮቹ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለነበር መርከቧ ስትናጥ ወደ ሞተሮቹ መድረሱ ተቋረጠ፤ ሞተሮቹ ቆሙ፤ ነፋሱም ወደ ቋጥኞቹ ይገፋት ጀመር። በሄሊኮፕተር አንድ በአንድ እየተጎተቱ የወጡት ሰዎች 479 ነበሩ። የእኛ ጄሪካን ሥር ያለው ዝቃጭና የእሷ ታንክ ውስጥ የጎደለው ቅባት አንድ ሥራ ነው የሠሩት። በካሪቢያን ባሕር ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው የአውሎ ነፋስ ወቅት የዚያ ዓይነት መርከቦች ካፒቴኖች ትንበያውን አይተው መንገድ ይቀይራሉ፣ ሊቆሙ ያሰቡትን ወደብ ይዘልላሉ፤ ተሳፋሪው ግን ለዚያ ወደብ ከፍያለሁ ብሎ ይቆጣል። ይህን ሳነብ የመቂው ነጋዴ ድምፅ ይሰማኛል። የእኛ ነጂ ትንበያ አልነበረውም፤ ዓይኑ ነበረው፤ ያየውንም በስምንት ሰዓት ነግሮን ነበር።

ዓርብ ሲነጋ ሐይቁ ተኝቶ ነበር፤ ያለ አንዳች ወሬ ተሻገርን። ባቱ ላይ ነጂው ሁለተኛ ሂሳብ አልጠየቀም። ነጋዴው ግን ከኪሱ አውጥቶ ለረዳቱ ልጅ አንድ ነገር አስጨበጠው፤ ምን ያህል እንደሆነ አላየሁም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ቅጽ ተሰጠኝ። «የቀሩበት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «ማዕበል» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ አነበበችው፣ በመስኮት ወደ ጭላሎ ተመለከተች፣ እንደገና አነበበችው። «መምህር፣ አሰላ ላይ?» አለችኝ። የአንድ ቀን ደመወዝ ተቆረጠ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልትመሰክርልኝ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች፤ ቡና ጠጥተው ሸኟት፤ ደመወዙ ግን አልተመለሰም።