ከክርስትናው በኋላ ያለው ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነቃ ሕፃንና አብሮት ስለሚነቃው ሰው። በጉባኤያችን ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ምጽዋት ብዙ እንማራለን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ልጇን ታቅፋ በጨለማ ስለምትመላለስ እናት ግን እምብዛም አንነጋገርም። ነገሩ ግን ከትምህርታችን ሩቅ አይደለም።

የምኖረው ሳንሱሲ፣ ከታላቅ እኅቴ፣ ከባለቤቷና ከሰባት ወር ሕፃን ልጃቸው ጋር ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው የሰፈራችንን ስም ሲሰማ «ያለ ጭንቀት» የሚል ሐረግ ጆሮው ውስጥ ይገባል። በጀርመን፣ በፖትስዳም ከተማ፣ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ቤተ መንግሥትም በዚሁ ስም ይጠራል። የቤታችን ሌሊት ግን ከስሙ ጋር አልተስማማም። ሕፃኗ በየዕለቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኗን ትገልጣለች። አትታመምም፤ ብዙም አታለቅስም። ትስቃለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ የሚያጫውታት ሰው ትፈልጋለች። እኅቴ ደግሞ በዚያው ተነሥታ፣ ጡት አጥብታ፣ ቁርስ አሰናድታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ማታ ራት እየበላን ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ባለቤቷ ቀስ ብሎ እጇን ሲነካት ደንግጣ፣ «ነቃች እንዴ?» አለች። ልጅቱ ግን ገና አልተኛችም ነበር።

ሴት ስትወልድ ባህላችን ብቻዋን አይተዋትም። ገንፎ ይገነፋል፣ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ በቤቷ የምትቆይበትን ሥርዓት ሠርታለች። የሀገራችን ሕግም የራሱን ድርሻ ደንግጓል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። የአባት ፈቃድ 3 ቀን ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው። ሴት ልጅ የወለደች እናት በ80ኛው ቀን ልጇን ታስጠምቃለች፣ ድግሱ ይበላል፣ ጎረቤት መርቆ ይሄዳል። በ90ኛው ቀን ፈቃዷ ያበቃና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በ10 ቀን ውስጥ ባህሉም ሕጉም ይሰናበቷታል ማለት ነው። ሕፃኗ ግን ገና ሦስት ወሯ ነው። የሰው ልጅ ሌሊትና ቀንን የሚለይበት የሰውነት ሰዓት ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ቀስ በቀስ የሚቀናና የሚጸና እንጂ አብሮት የሚወለድ አይደለም። ስለዚህ ረጅሙ የሌሊት ድካም የሚጀምረው ጠያቂው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ዛሬ ለማለት የፈለግሁት ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ አራሷን የምንረዳበት ዘመን ከክርስትናው በኋላም መቀጠል አለበት።

ሰፈራችን ለዚህ ችግር ምክር አይነፍግም። የምናከብራቸው አንዲት እማማ ልጅቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ዓይን በዝቶባታል፤ ጠበል ውሰዷት» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፤ ጠበል መውሰዱ መልካም ነውና እናደርገዋለን። ነገር ግን በደኅና የምትጠባ፣ የምታድግ፣ ስትነቃ የምትስቅ ልጅ ማልዳ ስለነቃች ብቻ ክፉ ነገር አገኛት አይባልም። እናቲቱንም «ምን አጎደልሽ?» ብሎ መጠየቅ በደከመ ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

የነገሩ ምክንያት ከተፈጥሮ ነው። ማንኛችንም ወደ መኝታ የምንሄደው ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም የዋለ የእንቅልፍ ረሃብ ይዘን ነው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ያ ረሃብ አብዛኛው ጠግቧል፤ እንቅልፉም ቀላል ሆኗል። በእኩለ ሌሊት የማይቀሰቅስ ድምፅ ወይም ብርሃን በዚያ ሰዓት ይቀሰቅሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 11 ወር ያሉ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑ ሸለብታ ተጨምሮ፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ነቃች?» ከማለት በፊት «በጠቅላላው ስንት ሰዓት ተኛች?» ብሎ መቁጠር ይበጃል።

እኛም አንድ ሳምንት በደብተር ጻፍን። ልጅቱ የምትተኛው አባቷ ከሥራ እስኪመለስ ተጠብቆ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር። ብዙዎቻችን «አምሽታ ከተኛች አርፍዳ ትነቃለች» ብለን እናስባለን። ሕፃን ግን ከልክ በላይ ሲደክም ይነጫነጫል፣ እንቅልፉም ይቆራረጣል፤ አምሽቶ መተኛቱ ሁልጊዜ አያስረፍደውም። ከዚያም ዙሪያዋን ተመለከትን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በ10 ሰዓት ተኩል ሕፃን የሚቀሰቅስ የፀሐይ ብርሃን የለም። የነበረው በመስኮቱ የሚገባ የመንገድ መብራትና ማልዶ የሚበራ የኩሽና አምፖል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የንጋት ብርዱም ቀላል አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል። አራተኛው ምክንያት እኛው ነበርን። በነቃች ቁጥር መብራት ይበራል፣ ጨዋታ ይጀመራል፤ የልጅቱ ሰውነትም ያን ሰዓት እንደ ቀጠሮ ይዞታል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። የመኝታ ሰዓቷን በየሁለትና ሦስት ቀኑ በ15 ደቂቃ እየቀነስን ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አመጣነው። የመጨረሻውን የቀን ሸለብታዋን ከ10 ሰዓት አላሳለፍነውም። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። ወፍራም ብርድ ልብስ ከመደራረብ ይልቅ ሞቅ ያለ ልብስ አለበስናት፤ ሕፃን በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱን የሚሸፍን ነገርና ትራስ በሌለበት መተኛት አለበትና። ስትነቃም መብራት ሳናበራ፣ ስልክ ሳንከፍት፣ በለሆሳስ ብቻ እያናገርን እስኪነጋ መጠበቅ ጀመርን። አባቷም ማታ ሲመጣ ተኝታ ስለሚያገኛት ቅር አለው፤ እኅቴም አንድ ነገር አለችው። «ማታ ካጣሃት ንጋት ላይ ታገኛታለህ።» እርሱም ሥቆ ተቀበለ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ በአብዛኛው 11 ሰዓት ከሩብ ትነቃ ጀመር።

አዎን፣ 11 ሰዓት ከሩብም ማልዶ ነው። መጋረጃና የመኝታ ሰዓት የሚያተርፉልን 45 ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረውን የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀናቱን ተከፋፈልን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእኔ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ የአባቷ፣ ቅዳሜ የእኅቴ። እሑድ እኔ ለአገልግሎት ማልጄ ስለምወጣ አባቷ ይይዛታል። በእኛ ተራ እኅቴ የምትነሣው ለማጥባት ብቻ ነው፤ አጥብታ ትመለሳለች፣ በር ይዘጋል፣ ትተኛለች።

እኔ በተራዬ ልጅቱን በነጠላ ጠቅልዬ እታቀፋትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ እደግማለሁ። ዓይኗን ከከንፈሬ ላይ አትነቅልም። አንዳንድ ቀን ሳልጨርስ መልሶ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨርሼ፣ የፈተና ማስታወሻዬን ከፍቼ፣ እርሷ ገጹን ልትጨብጥ ስትታገል ይነጋል። እንቅልፍ ካሸነፈኝ ግን ተነሥቼ እቆማለሁ ወይም በአልጋዋ አስተኛታለሁ፤ ሕፃን ታቅፎ በሶፋ ላይ ማሸለብ አደገኛ ነው።

የተወደዳችሁ፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚሆኑ ሁለት ታሪኮች አሉ። ሐና ሳሙኤልን በወለደች ጊዜ ባሏ ሕልቃና ለዓመታዊው መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ እርሷ ግን ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ በቤቷ ቀረች። ሕልቃናም በዚህ ፈቀደላት እንጂ አልነቀፋትም (1ኛ ሳሙ. 1፥21-23)። በስእለትና በዕንባ የወለደች፣ ጸሎቷ የተሰማላት ሴት ጡት የማጥባቱን ዘመን ከእግዚአብሔር ጋር ከመሆን እንደ መራቅ አልቆጠረችውም። «ኪዳን ሳላደርስ፣ ቅዳሴ ሳላስቀድስ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው» እያለች የምታዝን እናት ሐናን ታስባት።

ሁለተኛው በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 3 የምናገኘው ነው። ሳሙኤል ብላቴና ሳለ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ሸምግሏል፣ ዓይኑ ደክሟል። በልጆቹ ጉዳይ መጽሐፍ ወቅሶታል፤ በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፉን ሦስት ጊዜ ያቋረጠውን ብላቴና አልተቆጣውም። ተመልሶ እንዲተኛ በለዘብታ ነገረው፤ በሦስተኛው ጊዜ የጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተውሎ ምን እንዲመልስ አስተማረው። ቢቆጣው ኖሮ ብላቴናው በሦስተኛው ጊዜ ወደ እርሱ ለመምጣት በፈራ ነበር። በሌሊት ለልጅ የምንመልሰው ድምፅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ እንማራለን።

የቤተ ክርስቲያናችን ሌሊትም ራሱ ያስተምረናል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ መሰደዷን እያሰብን ማኅሌተ ጽጌ ቆመን እናድራለን። ያን ሌሊት ግን ማንም ብቻውን አይቆምም። ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ያርፋል፣ ያረፈው ደግሞ ይቀበላል። ሌሊቱ የሚያልቀው በመቀባበል ነው። በቤት ያለው የንጋት ትጋትም ግራና ቀኝ ያስፈልገዋል። ልጇን ይዛ ስለተሰደደችው እናት አድረን የዘመርን ወጣቶች፣ ቤት ስንገባ ልጇን ታቅፋ ያደረችውን እናት አልፈን ብንተኛ ዝማሬያችን ምን ይረባናል?

ለጥንቃቄ ያህል ጥቂት ልጨምር። ሕፃኑ ካተኮሰው፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ለቅሶው ከወትሮው ከተለየ ነገሩ የማልዶ መንቃት ጉዳይ አይደለምና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «ያስተኛዋል» ተብሎ ሽሮፕም ሆነ ሌላ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጠው። እናቲቱም ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንኳ እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ተስፋ ከቆረጠች፣ በራሷ ወይም በልጇ ላይ ክፉ አሳብ ከመጣባት፣ ይህ የእምነት ማነስ ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ለንስሐ አባቷም ለሐኪምም በአንድነት ትንገር፤ ቤተሰቡም ብቻዋን አይተዋት።

ወጣቶች ሆይ፣ ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት ነቅተን ነው የምንገኘው። አንዱ ለኪዳን ይነሣል፣ ሌላው ለፈተና ያነብባል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ይገላበጣል። በቤታችን ወይም በግቢያችን ሕፃን ያላት እናት ካለች በሳምንት አንድ ንጋት እንያዝላት። «እቴቴ፣ ነገ የእኔ ተራ ነው፤ አንቺ ተኚ» ማለት ብዙ ወጪ የለውም። ባለፈው ረቡዕ እኅቴ እስከ 1 ሰዓት ተኛች። ስትወጣ ሁለታችንን አይታ ምንም ሳትናገር ቡናውን ጣደች፤ እጣኑንም አጨሰች። በሥራ ቀን ቡና ስታፈላ ካየኋት ወራት አልፈው ነበር።

ልጆቻችንን በጸጋ ያሳድግልን፤ ለሚያሳድጓቸውም ዕረፍትን፣ ለእኛም የሚያርፉበትን ምክንያት የመሆን ልብ ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።