የማንም ያልነበረ መሬት

በከተማ ውስጥ የማንም ያልሆነ መሬት የለም። በመዝገብ ሲታይ እያንዳንዱ ቁራሽ ቦታ ቁጥር፣ ወሰንና ባለይዞታ አለው። ሆኖም ባለቤቱ ጥሎት የሄደ፣ መንግሥት ተረክቦ ያልጎበኘው፣ ጎረቤቱም አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ቦታ በስም እንጂ በግብር ባለቤት የለውም። እንዲህ ያለውን ቦታ የሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ወረቀት ነውን? አጥር ነውን? ወይስ ሌላ? በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን የታችኛው ምሥራቅ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት ለዚህ ጥያቄ በእጃቸው መልስ መስጠት ጀመሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው ለዚያች ከተማ ክፉ ጊዜ ነበር። ካዝናዋ ተራቁቶ በ1975 ዕዳዋን መክፈል ሊሳናት ጥቂት ቀርቷት ነበር። በድሆቹ ሰፈሮች ያሉ አከራዮች ቤት ማደሱም ሆነ ግብር መክፈሉ አያዋጣም እያሉ ሕንፃዎቻቸውን ጥለው ሄዱ። ከሕንፃዎቹ ከፊሉ በእሳት ጋየ፤ ከፊሉም ለውዝፍ ግብር መያዣ ሆኖ ለከተማው ገቢ ከሆነ በኋላ ፈረሰ። በየማዕዘኑ የቀረው የጡብ ስብርባሪ፣ የተጣለ ፍራሽ፣ የዛገ ብረትና የአይጥ መንጋ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሜዳ ብለው የሚጫወቱት በዚሁ ፍርስራሽ ላይ ነበር።

ሊዝ ክሪስቲ በዚያ ሰፈር የምትኖር ሠዓሊ ነበረች። ሠዓሊ መሆኗ ምናልባት ሌላው ቆሻሻ ብቻ በሚያይበት ቦታ ቅርጽና ቀለም እንድታይ ረድቷት ይሆናል። ሥራውን የጀመረችው ግን ብቻዋን አልነበረም፤ ከጎረቤቶቿና ከወዳጆቿ ጋር ነው። ባዶዎቹ ቦታዎች በሽቦ አጥር የታጠሩ ስለነበሩ፣ ዘር፣ ማዳበሪያና ውኃ በፊኛ እየሞሉ ከአጥር ማዶ ይወረውሩ ነበር። በመኪና መንገድ አካፋይ ላይ የሱፍ አበባ ይዘራሉ፤ በተተዉት ሕንፃዎች መስኮት ላይ የአበባ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ለማኅበራቸውም «አረንጓዴ ሽምቅ ተዋጊዎች» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ጨዋታ ነበር፤ ቁም ነገሩ ግን በውስጡ አልጠፋም።

የተወረወረ ዘር ግን ብዙ አይሄድም። ዝናብ ያገኘው ይበቅላል፤ ድርቅ የመታው ከጡቡ መካከል ይቀራል። ወርዋሪው እሑድ ማለዳ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ የበቀለችውን ቡቃያ ግን ሰኞ የሚያጠጣት የለም። በየትም አገር የችግኝ ዘመቻ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በተከላው ቀን ሰልፍ፣ ዘፈንና ፎቶግራፍ አንሺ አይጠፋም፤ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ የደረቀ እንጨት ይቆማል። የሊዝ ክሪስቲና የባልንጀሮቿ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ታሪክ የሆነው መወርወሩን ትተው በአንድ ቦታ መቆየትን በመረጡበት ጊዜ ነው።

በ1973 የባወሪና የሃውስተን መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ያለውን ቦታ መጥረግ ጀመሩ። ቆሻሻውን በእጃቸው አወጡ፤ አጥሩን አበጁ፤ የላይ አፈር አምጥተው ደለደሉ። በሚያዝያ 1974 የከተማው የቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቦታውን በወር 1 ዶላር አከራያቸው። አንድ ዶላር ለከተማው ካዝና ምንም አይደለም፤ ለእነርሱ ግን በፍርስራሹ ላይ የሚውሉት ሰዎች እንግዶች እንጂ ወንጀለኞች እንዳልሆኑ የሚመሰክር ወረቀት ነበር። እንግዳ መሆናቸውን ግን ወረቀቱ አላስቀረውም። ይህም ኋላ ብዙ ነገር አስከትሏል።

60 ያህል ከፍ ያሉ መደቦች ሠርተው አትክልት ተከሉ። መደቡን ከፍ ማድረግ ለጌጥ አይደለም፤ ሕንፃ በፈረሰበት ቦታ ሥር የሚሰደድበት አፈር የለም፣ ጡቡና ኖራው ያንቀዋል፤ አሮጌ ቀለምም እርሳስ የሚባለውን መርዝ ትቶ ይሄዳል። ከአትክልቱ በኋላ ዛፍና አበባ ተከተለ። የወጥ ቤት ጥራጊውንና የወደቀውን ቅጠል አከማችተው ብስባሽ ማዘጋጀትን፣ የትኛው ተክል ጢሱንና ጥላውን እንደሚችል እየሞከሩ ማወቅን ተማሩ። የተማሩትንም ለራሳቸው አልያዙትም። የሌላ ሰፈር ሰዎች ሲጠይቋቸው ችግኝ ይሰጣሉ፤ መደብ እንዴት እንደሚሠራና ከከተማው ጋር እንዴት ውል እንደሚያዝ ያስተምራሉ። በ1978 ከተማው ራሱ «አረንጓዴ አውራ ጣት» ብሎ የሰየመውን የሕዝብ አትክልት ቦታዎች መርሐ ግብር አቋቋመ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ሰው የማይቻለው ሸክም ለብዙዎች የእሑድ ወግ ሆነ።

እያንዳንዱ ሕዝብ በያዘው ቦታ ላይ የራሱን መልክ አኖረበት። የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች በአትክልቱ መካከል ካሲታ የሚሏትን፣ በአገራቸው ገጠር ቤት አምሳል የተሠራች ትንሽ የእንጨት ጎጆ ያቆማሉ። በደቡብ ብሮንክስ ሪንኮን ክሪዮዮ በሚባለው ቦታ ቦምባና ፕሌና የተባሉት የከበሮ ዘፈኖች ከሽማግሌ ወደ ወጣት ተላልፈውበታል። ቲማቲሙ የሚለቀምበት ቦታ ከበሮው የሚመታበት፣ ልጅም የአያቱን ቋንቋ የሚሰማበት ቦታ ሆነ። ባህል ከመድረክ በፊት ጓሮ እንደሚያስፈልገው የሚጠራጠር የኪነት ሰው ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ ይከብዳል። ሰው ሲሸሸው የነበረው ሰፈር ሲያምር ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው ሲወደድ መዝገቡ ይገለጣል። አዳም ፐርፕል በሚል ስም ይታወቅ የነበረ ሰው ከ1975 ጀምሮ በኤልድሪጅ መንገድ ከፈረሱ ሕንፃዎች ጡብ እየለቀመ፣ የፈረስ ፋንድያ ከሴንትራል ፓርክ በብስክሌት እያመላለሰ፣ ክብ በክብ የሚሰፋ አትክልት ሠርቶ ነበር። «የኤደን ገነት» ያለው ይህ ቦታ 15,000 ካሬ ጫማ ያህል ደርሶ ሳለ፣ በ1986 መግቢያ ከተማው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መኖሪያ ለመሥራት በማረሻ መኪና አፈረሰው።

በዚህ ጊዜ ማን ትክክል ነበር? ቤት የሌለውን ሰው አበባ ይበቃሃል ማለት ግፍ ነው። አሥር ዓመት የደከመበትን ሰው ሥራህ በመዝገብ የለም ማለትም እንዲሁ ግፍ ነው። ቀላሉ ነገር አንዱን ወገን ክፉ አድርጎ መጻፍ ነው፤ እውነቱ ግን ሁለት ደግ ነገሮች በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ መጋጨታቸው ነው። ግጭቱንም ያባባሰው አትክልተኛው በሚመከርበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጫ የሌለው መሆኑ ነበር።

ይህ በ1999 ገሃድ ወጣ። ከንቲባው ከ110 በላይ የሚሆኑ የአትክልት ቦታዎች በሐራጅ እንዲሸጡ ወሰኑ። ነዋሪዎቹ ተሰለፉ፤ ተከራከሩ፤ ታሰሩም። ሐራጁ ሊካሄድ ጥቂት ሲቀረው ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ከመካከላቸውም አንዱ ተዋናይቷ ቤት ሚድለር የመሠረተችው፣ ቦታዎቹን በ4.2 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አዳኑአቸው። ሁሉም ግን አልዳኑም። በምሥራቅ 7ኛ መንገድ ከ1977 ጀምሮ የነበረውና ኤስፔራንሳ፣ ማለትም ተስፋ፣ የሚባለው ቦታ ጥበቃ ቢያስፈልገው፣ ኮኪ የምትባለውን የፖርቶ ሪኮ ዕንቁራሪት በግዙፍ ቅርጽ ሠርተው፣ በሆዷ ውስጥ በተራ እያደሩ ይጠብቁት ነበር። የካቲት 15 ቀን 2000 ማረሻ መኪናው መጣ። የቀሩት ቦታዎች እንዳይፈርሱ የሚያግደው የፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣው በዚያው ዕለት ነው፤ ለኤስፔራንሳ ግን አልደረሰላትም።

በ2002 ከተማውና የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ተስማሙ። ከፊሉ ቦታ ለቤት ሥራ እንዲውል፣ ብዙው ግን እንዲጠበቅ፣ ይፈርሳል የተባለም ቢኖር አስቀድሞ አትክልተኞቹ እንዲያውቁት ተደነገገ። ዛሬ በከተማው መርሐ ግብር ሥር ከ500 የሚበልጡ የአትክልት ቦታዎች ይገኛሉ። ማኅበርተኞቹም ግዴታ አለባቸው፤ በሩን በሳምንት ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ለመንገደኛው ሁሉ መክፈት አለባቸው። ተገቢም ነው፤ የማንም ያልነበረውን የሁሉ ለማድረግ የተጀመረ ሥራ የጥቂቶች ጓሮ ሆኖ ቢያበቃ መነሻውን ይክዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሁለት ወገን አለው። መሬትን የሰው የሚያደርገው የሰኞው ውኃ ነው፤ ይኸውም ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ባልዲ ይዞ የሚመለስ ሰው። ነገር ግን ያ ድካም በሕግ ካልታወቀ፣ ደካሚውም በሚመከርበት ቦታ ድምፅ ካላገኘ፣ አሥር ዓመት የበቀለው በአንድ ጧት ይነቀላል። በየሰፈሩ ሰውን ለመልካም ሥራ የሚያስተባብር ሁሉ፣ ችግኙን ከማከፋፈሉ በፊት ማን እንደሚያጠጣውና ውሉ በማን እጅ እንዳለ ቢጠይቅ ከብዙ ኀዘን ይድናል።

ሊዝ ክሪስቲ በ1985 አረፈች። በሚቀጥለው ዓመት የባወሪና የሃውስተን ማዕዘን በስሟ ተሰየመ። ዛሬ በዚያ የወይን ዳስ፣ የንብ ቀፎ፣ ዓሣና ኤሊ ያሉበት ኩሬ አለ። ከዛፎቹ መካከል አንዱ ሜታሴኮያ ይባላል፤ ዘሩ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ሳለ በ1940ዎቹ በቻይና በሕይወት የተገኘ ዛፍ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው አትክልተኛ የለም። የሚኰተኵቱት፣ የሚገርዙት፣ የሚያጠጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ከሥራ መልስ ልብሳቸውን ለውጠው ይመጣሉ፣ ሲጨልም በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ።