ነበር ባይሰበር

አንዳንድ ነገር በእጅ እያለ ያስቃል፤ ከሄደ በኋላ አንጀት ያሳርራል። ቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቴ ሲፓፕ የምትባለዋን የመተንፈሻ ማሽን ኮመዲኖው ላይ ያስቀመጡ ሰሞን ያልቀለደባት አልነበረም። «ጋሼ ጄት ሊያበሩ ነው» ተባለ።

ማሽኗ በዋዛ አልመጣችም። ማንኮራፋታቸውን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርገነው ኖረን፣ መሪ እንደያዙ ማንጎላጀት ሲጀምሩ ነው ሐኪማቸው ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የእንቅልፍ ማዕከል የላካቸው። ራሳቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ደረትና ሆዳቸው በቀበቶ ታስሮ፣ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተሰክቶ አደሩ። ትንፋሻቸው በሰዓት ከ40 ጊዜ በላይ ይቋረጣል ወይም ይዳከማል። ሕመሙ የእንቅልፍ አፕኒያ ይባላል፤ 30 ሲደርስ ነው «ከባድ» የሚባለው። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጉሮሯቸው ይላላና ይዘጋል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ጠዋት ግን የሚያስታውሱት የለም።

መላው ከ1981 ጀምሮ የታወቀ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገውን ዘዴ እስኪያመጣ ድረስ፣ ሕመሙ የጠናበት ሰው ጉሮሮው ተበስቶ ቱቦ ይገባለት ነበር። ከአጎቴ የተጠየቀው ጭምብል አድርጎ መተኛት ብቻ ነው። እሱንም እንደ ልጓም ቆጥረው እኩለ ሌሊት ላይ አውልቀው ይጥሉታል። «ጋሼ፣ ለማሽኗ አቅራቢዎች ይደውሉላቸውና የሚመችዎትን ጭምብል ይቀይሩልዎት» ስንላቸው «በስተርጅና በቱቦ ልተንፍስ?» ይሉናል።

የማሽኗን ወጪ የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ቀልድ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ ለ4 ሰዓት መጠቀም ግድ ነው። ሰዓቱንም ማሽኗ ራሷ ቆጥራ ትልካለች። አጎቴ ሰዓቱን ሳይሞሉ ቀኑ አለፈ፤ ማሽኗ ተመለሰች። እንደገና ለማግኘት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ፣ ማዕከሉ ተመልሶ ማደር ያስፈልጋል። እሳቸው ግን «ተገላገልኩ» ብለው ተኙ።

በዓመቱ ስትሮክ መታቸው። ማሽኗ ብትኖር ይቀር ነበር ብዬ አልምልም፤ ግፊትም ስኳርም ነበረባቸው። ያልታከመ አፕኒያ ግፊትን እንደሚያባብስ፣ ለስትሮክም እንደሚያጋልጥ ግን በጊዜው ተነግሯቸዋል። መድኃኒት ታጥቶ ቢሆን «የእግዜር ሥራ ነው» ብዬ በተጽናናሁ። አገር ቤት ስንቱ ገንዘብ ይዞ እንኳ የማያገኘው ምርመራ ተደርጎላቸው፣ የሕመማቸው ስም ተነግሯቸው፣ መፍትሔው መኝታ ቤታቸው ድረስ መጥቶላቸው፣ አንዲት ስልክ መደወል አቅቷቸው! ይኼ ነው አልወጣልህ ያለኝ።